ማስተር ኮፒ ጆርዳን፣ ሸራ ወይስ ሰልባጅ? ባለ አንገት ስኒከር ለመግዛት ላሰበ ወጣት የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 24 ነው። አዳማ ውስጥ ሞባይል መሸጫ ነው የምሠራው፤ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የምውለው። የድሮውን ስታይል፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍነውን ስኒከር በጣም እወዳለሁ። 5,000 ብር ይዣለሁ። እስካሁን ሦስት ነገር አይቻለሁ። አንደኛው 'ማስተር ኮፒ' የሚሉት ጆርዳን 1 ነው፣ 4,500 ብር። ሁለተኛው ኮንቨርስ የሚመስል የሸራ ጫማ፣ 1,800 ብር። ሦስተኛው ሰልባጅ ነው፤ ኦሪጅናል ናይኪ ደንክ ሃይ፣ 3,600 ብር ብሎኛል። ኳስ ስጫወት ቀኝ እግሬ ሁለት ጊዜ ተጠምዝዞብኛል፤ አንገት ያለው ጫማ ይይዘኛል ብዬ አስባለሁ። ቁጥሬ 42 ነው፤ እንዲመቸኝ 43 ልግዛ? ወይስ ጠብቄ፣ ብር ጨምሬ አዲስ ኦሪጅናል ይሻለኛል?»

ምላሽ፦

ከቁርጭምጭሚትህ ልጀምር፤ ምርጫህን ሁሉ እያጣመመብህ ያለው እሱ ነውና። አንገት ያለው ስኒከር እግርህን ከመጠምዘዝ አያድንህም። እግር የሚጠመዘዘው ጫማው ከላይ ስለለቀቀው አይደለም። ነገሩ የሚጀምረው ከታች ነው። የሶሉ ጠርዝ ድንጋይ ወይም ጉድጓድ ላይ ያርፋል፣ የእግርህ መዳፍ ወደ ውስጥ ይዞራል፣ የሰውነትህ ክብደት በሙሉ ከላይ ይመጣበታል። ሁሉም ነገር በቅጽበት ያልቃል። ያን ጊዜ መሀል የሚገባልህ ጨርቅና ስፖንጅ ብቻ ነው፤ ሁለቱም ይታጠፋሉ። በ1993 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካ ውስጥ ከ600 በላይ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ተጫዋቾችን ከፋፍለው ባለ አንገትና አጭር ጫማ አልብሰው አወዳድረዋቸው ነበር። በቁርጭምጭሚት ጉዳት በኩል ይሄ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። ስለዚህ ከአንገቱ ጥበቃ መፈለግ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

አንገቱ ምንም ሥራ የለውም ማለቴ ግን አይደለም። ተረከዝህን ከኋላ ይይዛል፣ ጫማው ሲራመዱበት እንዳይወልቅ ያደርጋል። ቆዳህን ስለሚነካም እግርህ የት እንዳለ ይበልጥ ይሰማሃል። ጅማትን ግን አይተካም። ሁለት ጊዜ የተጠመዘዘ ቁርጭምጭሚት ጅማቱ ላልቶ ሊሆን ይችላል። ለሱ የሚረዳው ሚዛን የሚያጠናክር እንቅስቃሴ ነው። ጥርስህን ስትቦርሽ በአንድ እግርህ ቁም። ሲቀልህ ግድግዳ አጠገብ ሆነህ ዓይንህን ጨፍነህ ሞክረው። ኳስ ስትጫወት በክር የሚጠብቀውን የቁርጭምጭሚት ድጋፍ አድርግ። እስካሁን የሚያብጥብህ ወይም ደረጃ ስትወርድ የሚከዳህ ከሆነ ፊዚዮቴራፒስት ይየው፤ ይሄ የጫማ ሻጭ ጉዳይ አይደለም። ደግሞ በዚህ ጫማ ኳስ እንዳትጫወት። ሶሉ ልሙጥና ጠፍጣፋ ነው፤ አፈር ሜዳ ላይ ያንሸራትትሃል።

ቁርጭምጭሚቱን ከሒሳቡ ካወጣን የሚቀሩት ሦስት ነገሮች ናቸው። መልክ፣ ምቾትና ዋጋ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሦስቱ አብረው የሚወጡና የሚወርዱ ስለሚመስለው ነው። ጫማው ሲወደድ ምቾቱም ይጨምራል ብሎ ያስባል። በሌላ ጫማ ላይ አንዳንዴ እውነት ነው። በድሮ ስታይል ስኒከር ላይ ግን አይሠራም፤ ምክንያቱ ያለው ታሪኩ ውስጥ ነው።

ኮንቨርስ ኦል ስታር የወጣው በ1917 ነው። ቸክ ቴይለር ቅርጫት ኳስ ተጫዋችና የኩባንያው ሻጭ ነበር፤ ስሙ ዓርማው ላይ የገባው በ1930ዎቹ ነው። ጆርዳን 1 በ1985 በ65 ዶላር ወጣ። ደንክም የዚያው ዓመት ልጅ ነው። ሁሉም በጊዜያቸው የስፖርት ጫማ ነበሩ፤ የተሠሩትም ለጣውላ ሜዳ እንጂ ለአዳማ ኮብልስቶን አይደለም። ዛሬ ኩባንያዎቹ እንደገና ሲያወጧቸው የሚሸጡት ያንኑ የድሮ ቅርጽ ነው። ቅርጹ እንዳይቀየር ሲባል ውስጡም ብዙ አይቀየርም። ስለዚህ እውነተኛው፣ አዲሱ፣ ውዱ ጆርዳን 1 ራሱ በዛሬ ጫማ ሚዛን ጠጣር ነው። ለእግር ምቾት ብቻ ከሆነ አንድ መካከለኛ የሩጫ ጫማ ይበልጠዋል። ጥሩ ቆዳ፣ እውነተኛ ጎማና እውነተኛ ስፌት ካገኘህ በኋላ የምትጨምረው ብር ለስሙ ነው። ለስም መክፈል ነውር የለውም፤ ገንዘቡ የራስህ ነው። ብቻ ምቾት እየገዛሁ ነው ብለህ አትክፈል።

«ኤር» የሚለው ስምም ብዙ ሰው ያሳስታል። ጆርዳን 1 ውስጥ ያለው ኤር ከተረከዝ ሥር የተቀበረ፣ ጋዝ የታሸገበት ጠፍጣፋ ከረጢት ነው። ቆመህ ስትውል የሚቃጠልህ ከጣቶችህ ኋላ ያለው ቦታ ላይ የለም። ኮፒው ላይ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ተረከዙም ላይ የለም፤ ተራ ስፖንጅ ነው። ተራው ደንክ ኤር የሚባል ነገር የለውም፤ ለዋጋውም ለምቾቱም ይሄ ብዙ ለውጥ አያመጣም።

አሁን ወደ ሶሉ። ብርህ ትርጉም የሚኖረው እዚህ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። በሸራ ጫማና በእነ ደንክ መካከል ያለው ልዩነት የመልክ ብቻ አይደለም፤ አሠራራቸው ጭራሽ የተለያየ ነው። በትክክል በተሠራ የሸራ ጫማ ላይ የጎማ ጥብጣብ በቶማያው (ከሶሉ በላይ ባለው የጫማ አካል) ዙሪያ ይጠቀለላል። ከዚያ ጫማው ከነፎርማው፣ ማለት ከሚቀረጽበት የእግር ቅርጽ ጋር፣ ምድጃ ገብቶ ይበስላል። ጎማው በሰልፈርና በሙቀት ይጠነክራል፤ ቻርልስ ጉድይር በ1839 የደረሰበት ዘዴ ነው። ከዚህ የሚወጣው ሶል ቀጭን ነው፣ በቀላሉ ይታጠፋል፣ የረገጥከውን ጠጠር ሁሉ ያሳውቅሃል። ሲበላሽ መጀመሪያ የሚለቀው ጣት የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ያለው ጥብጣብ ነው።

የጆርዳን 1ና የደንክ ሶል ሌላ ነው። ጎማው ጠርዙ ወደ ላይ ከፍ ብሎ ቀድሞ በሻጋታ ይወጣል። ቶማያው ውስጡ ይቀመጣል፣ በማጣበቂያ ይያያዛል፣ ከዚያ ጠርዙ ዙሪያውን በክር ይሰፋል። ማጣበቂያው ቢለቅ እንኳ ክሩ ይይዘዋል። ዕድሜ የሚሰጠው ይሄ ስፌት ነው፤ ስለዚህ ኮፒ ሠሪው ስፌቱን ያስመስላል። መፈተኛው ቀላል ነው። የውስጥ ሶሉን አውጣና ጣትህን ዳር ዳሩን አስኪደው። እውነተኛ ስፌት ከሆነ ክሩ በረድፍ ወደ ውስጥ ገብቶ ታገኘዋለህ፤ ጥፍርህን ይይዘዋል። ውጭው ላይ ስፌት እየታየ ውስጡ ባዶ ከሆነ፣ ያ «ስፌት» ጎማው ሲቀረጽ አብሮ የተቀረጸ መስመር ነው። የውስጥ ሶሉ ተጣብቆ ከሆነ ከተረከዙ በኩል ቀስ ብለህ አንሳው። ሻጩ ይሄን እምቢ ካለ መልስህን አግኝተሃል።

ማስተር ኮፒ የተባለውን እንየው። አዲስ ጆርዳን 1 ሃይ አሜሪካ ውስጥ የሱቅ ዋጋው 180 ዶላር ገደማ ነው። ዶላሩን በ100 ብር ብቻ እናስበው፤ ዛሬ ከዚያ በላይ ነው። 18,000 ብር መጣ። ትራንስፖርት፣ ቀረጥ፣ የሻጭ ትርፍ ገና አልገቡም። ስለዚህ በ4,500 ብር አዲስ ኦሪጅናል የለም። ሻጭህ ኮፒ ነው ብሎሃል፤ በዚህ አልዋሸህም። ግን ኮፒን ማስተር ወይም ተራ ብሎ የሚመዝን አካል የለም። አንዱ ሱቅ ማስተር ያለውን ሌላው ሱቅ በ2,500 ደርድሮት ልታገኘው ትችላለህ።

ኮፒ ሠሪ የሚቀዳው ዓይን የሚያየውን ነው። ቀለሙን፣ ምልክቱን፣ የክሩን መስመር፣ ካርቶኑን ሳይቀር። እግር የሚያውቀውን ግን አይቀዳም። ፎርማው ሌላ ነው፤ ስለዚህ አንዱ 42 ጣት ይጨብጣል፣ ሌላው 42 ተረከዝ ላይ ይወልቃል። የተረከዙ ማጠንከሪያ ብዙ ጊዜ ካርቶን ነው፤ ላብ ሲጠጣ ይለሰልሳል፣ ጫማው ወደ አንድ ጎን ማጋደል ይጀምራል። አውራ ጣትህን ተረከዙ ላይ ከኋላ ተጫን። ወዲያው እጥፍ የሚል ከሆነ ያ ነው። ሶሉ ጎማ ሳይሆን ፕላስቲክ ከሆነም እርጥብ ሴራሚክ ላይ ያስታውቃል፤ ሱቁ የሴራሚክ ወለል ካለው ጥቂት ውኃ ጠብ አድርገህ ረግጠህ እየው።

«ቆዳ ነው» ብሎ ላይተር የሚያወጣውንም አትመን። ለቅጽበት የነካ እሳት ፕላስቲክ የተቀባ ጨርቅንም ምንም ላያደርገው ይችላል። እውነተኛ ቆዳም ላዩ የተቀባ ከሆነ ሊያብጥ ይችላል። ትርኢቱ ለሻጩ ይጠቅማል እንጂ ለገዢ አይጠቅምም። አንተ የተቆረጠ ጠርዝ ፈልግ፤ ምላሱ ዳር ወይም ክር ማስገቢያው ቀዳዳ ውስጥ። ጸጉራም ጭረት ካየህ ቆዳ ነው። ስስ ሽፋን ከሥሩ ደግሞ የተሸመነ ጨርቅ ካየህ ሰው ሠራሽ ነው። ሰው ሠራሽ በራሱ ኃጢአት የለበትም፤ ሲታጠፍ ግን ይሰነጠቃል፣ ከዚያ ይላጣል፣ አንዴ ከተላጠ መልሶ የሚያድነው ቀለም የለም። እስቲ ያንን ጫማ ከነምልክቱ ሳይሆን ምልክቱን አንስተህ አስበው። 4,500 ትከፍልበት ነበር?

ሰልባጁ ላይ ደግሞ ትልቁ ጠላት ቆሻሻ አይደለም፤ ዕድሜ ነው። ፖሊዩሪቴን የሚባለው ስፖንጅ አየር ላይ ባለው እርጥበት ቀስ እያለ ይፈርሳል። ተለብሶ ብቻ ሳይሆን ካርቶን ውስጥ ተቀምጦም ይፈርሳል። በዚህ ጠባያቸው የሚታወቁት እነ ጆርዳን 3ና 4 ናቸው፤ ስፖንጃቸው ጎማ ሳይከልለው ውጭ ስለሚታይ። ከሩቅ አዲስ የሚመስል ጫማ ትገዛለህ፣ ሰፈርህ ሳትደርስ ተረከዙ ይፈረፈራል። የመረጥከው ደንክ መሆኑ ጥሩ አጋጣሚ ነው፤ ውጩ ሙሉ ጎማ ስለሆነ ለዚህ ችግር ያን ያህል አይጋለጥም። ቢሆንም ዕድሜውን ገምት። ጎማውን እጠፍ። ስንጥቅ ከታየበት ወይም በጣም ከደረቀ ተወው።

ከዚያ ጫማውን ገልብጠው። ከአውራ ጣት ሥር፣ ሶሉ ላይ፣ ክብ በክብ የተደራረቡ መስመሮች አሉ፤ ተጫዋቹ በእግሩ ጫፍ እንዲዞርበት ታስቦ የተሠራ ነው። ክቡ በደንብ ከታየህ ብዙ ዕድሜ ይቀረዋል። ልሙጥ ከሆነ ባለቤቱ ጨርሶታል። ቀጥሎ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠህ ከኋላ እየው። ሁለቱም ተረከዞች ቀጥ ብለው መቆም አለባቸው። ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ያጋደለ ጫማ የሌላ ሰው አረማመድ ያለበት ነው፤ አንተን በተለይ ከቀኝ ቁርጭምጭሚትህ ጋር ሊያጣላህ ይችላል። በዚህ አትደራደር። የጣቱ መሸብሸብ፣ የቆዳው መጫር፣ የክሩ መቆሸሽ ግን ዋጋ ማውረጃ ነው እንጂ ለመተው ምክንያት አይሆንም።

ኦሪጅናልነቱን ለማየት ምላሱ ውስጥ ያለውን ትንሽ ጽሑፍ አንብብ። ናይኪ ስድስት አሃዝ ወይም ፊደልና አሃዝ፣ ከዚያ ጭረት፣ ከዚያ ሦስት አሃዝ ያለው ኮድ አለው። ስልክህ ላይ ፈልገው። የሚመጣው ፎቶ ከያዝከው ጫማ ጋር በሞዴልም በቀለምም ካልገጠመ ኮፒ ነው። ከገጠመ ግን ገና አልተረጋገጠም፤ ጎበዝ ኮፒ ሠሪ ትክክለኛውን ኮድም ይጽፋል። ኮዱ ለመጣል እንጂ ለማጽደቅ አይበቃም። የሚያጸድቀው የውስጥ ስፌቱ፣ ጎማውና የተረከዙ ጥንካሬ አንድ ላይ ሲሆኑ ነው።

ስለ ሸራው ብዙ የምለው የለም። ለአዳማ ሙቀት ከሦስቱ የሚስማማው እሱ ነው፤ ቀላል ነው፣ ይተነፍሳል፣ ይታጠባል። ችግሩ ከሥሩ ምንም የለውም፤ ስምንት ሰዓት ለሚቆም ሰው ብቻውን አይሆንም። ፎርማውም ወደ ጣት እየጠበበ የሚሄድ ነው፤ እግርህ ፊቱ ሰፋ ያለ ከሆነ ትንሿን ጣትህን ያስታውስሃል። ጠዋት ከአልጋ ስትወርድ ተረከዝህን የሚወጋህ ከሆነ ደግሞ ሥራ ላይ አታድርገው፤ ቀጭንና ጠፍጣፋ ሶል ያባብሰዋል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር። እኛ ጋ አዲስ ጫማ እንደተገዛ ጫማ ሰፊ ዘንድ ወስዶ ዙሪያውን ማሰፋት የተለመደ ነው። ጎማ ጠርዝ ላለው ኮፒ ይጠቅማል፤ የጎደለውን ስፌት ነው የምትጨምርለት። ሸራ ጫማ ላይ ግን አታሰፋ። መርፌው ስሱን ጥብጣብ ይበሳዋል፣ ውኃ በቀዳዳው ይገባል፣ ሲታጠፍ ደግሞ በመርፌው መስመር ይቀደዳል። ጥብጣቡ ሲለቅ ይጸዳ፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፈተግ፣ ማስቲሹ ሁለቱም ጎን ይቀባ፣ ትንሽ ሲደርቅ ተጭኖ ይያዝ። ብዙ ሰው ማስቲሹ እርጥብ እያለ ይጫነዋል፤ ቶሎ የሚለቀው ለዚህ ነው።

ወደ ቁጥሩ እንምጣ። 43 አትግዛ። ሰፊ ጫማ ምቹ አይደለም፤ እግር ውስጡ ይንሸራተታል፣ ጣቶችህ ለመያዝ ሲሉ ይጨበጣሉ፣ ማታ ላይ የሚደክምህ በዚህ ነው። መጀመሪያ እግርህን ለካ። ማታ፣ ቆመህ ውለህ ስትመለስ ይሁን፤ እግር ከሰዓት በኋላ ያብጣል። ወረቀት ላይ ቁም፣ ተረከዝህን ግድግዳ አስነካ፣ ረጅሙ ጣትህ ጫፍ ላይ ምልክት አድርግ። ሁለቱንም እግር ለካና ረጅሙን ያዝ። የአውሮፓው ቁጥር አንዱ እርከን የሴንቲሜትር ሁለት ሦስተኛ ነው። ስለዚህ በእግርህ ርዝመት ላይ 1.5 ሴንቲሜትር ጨምረህ በ1.5 ብታባዛው ወደ ቁጥርህ ያደርስሃል። ለምሳሌ 26.5 ሲደመር 1.5፣ 28 ነው፤ በ1.5 ሲባዛ 42። ናይኪም አዲዳስም 42 ላይ 26.5 ነው የሚጽፉት። ኮንቨርስ ግን ሰፋ ብሎ ነው የሚመጣው፤ እሱን የሚመስለውም እንደዚያው ሊሆን ስለሚችል ግማሽ ቁጥር ወረድ ብለህ ሞክር።

ሰልባጅ ላይ በአሜሪካ ቁጥር አትታለል። ናይኪ ላይ የሴት 10 እና የወንድ 8.5 አንድ ርዝመት ናቸው። ሴንቲሜትሩን አንብብ፤ እሱ ወንድ ሴት አይልም። ወርዱን ለማወቅ ደግሞ የውስጥ ሶሉን አውጥተህ መሬት ላይ አድርግና ቁምበት። እግርህ በጎን ከፈሰሰ ያ ፎርማ ያንተ አይደለም። ቆዳ ሲለበስ በወርድ ትንሽ ይለቃል፣ በርዝመት ግን አይለቅም። «ትንሽ ስትለብሰው ይሰፋል» የሚለው የሻጭ ቃል ለሰው ሠራሽ ቶማያ ጭራሽ አይሠራም። ጣትህ ከደነዘዘ ጫማው ጠቦሃል፤ ይለምደኛል ብለህ አትጠብቅ።

መቆሙን በተመለከተ እውነቱን ልንገርህ፤ ችግርህ ግማሹ ጫማው ላይ አይደለም። ከባንኮኒው ኋላ የምትቆምበት ወለል ሴራሚክ ወይም ሲሚንቶ ከሆነ፣ ከእግርህ ሥር ወፍራም የጎማ ምንጣፍ ብታነጥፍ ከየትኛውም ጆርዳን ይበልጥ ይጠቅምሃል። ዝቅ ያለች ሳጥን ነገር አድርገህ አንዱን እግር እያፈራረቅህ አሳርፍ። ጫማው ውስጥ ደግሞ ጠንከር ያለ ስፖንጅ ያለው የውስጥ ሶል ጨምር። ሱቅ ውስጥ ስትጫነው እንደ ጄል የሚሰምጠውን ተው፤ ቀኑን ሙሉ የቆመ ሰው ከሥሩ ይጨፈልቀዋል። እዚህ ላይ ባለ አንገት ጫማ አንድ እውነተኛ ጥቅም አለው። አጭር ጫማ ውስጥ ወፍራም ሶል ብትጨምር ተረከዝህ ከፍ ብሎ ይወልቃል። ይሄ ግን ከላይ ስለሚይዝ ይችለዋል። የድሮውን ሶል አውጥተህ ነው የምትተካው፤ ደርበህ አይደለም።

ሙቀቱም አለ። ቆዳና ወፍራም አንገት በመጋቢትና በሚያዝያ አዳማ ላይ ቀላል ነገር አይደለም። በተከታታይ ቀን አታድርገው፤ አንድ ቀን ይረፍ፣ ማታ የውስጥ ሶሉን አውጣለት። ሥራ ላይ የላይኛዎቹን ሁለት ቀዳዳዎች ክር አታስገባባቸው። አንገቱ ይከፈታል፣ አየር ይገባል፣ ከተረከዝህ በላይ ያለውን ጅማትም አይፈትገውም። ካልሲህ ከአንገቱ በላይ ይውጣ። ጥጥ ብቻ የሆነ ወፍራም ካልሲ ላቡን ይዞ ይቀመጣል፤ ሳሳ ያለና የተቀላቀለ ይሻላል። ካጠብከው በኋላ ደግሞ ቆርቆሮ ላይ አታስጣው። የአዳማ ፀሐይ ያጋለው ቆርቆሮ ማጣበቂያውን ያለሰልሰዋል፤ ጎማው የሚለቀው ያኔ ነው። ጥላ ላይ፣ ንፋስ ባለበት፤ ንፋስ ደግሞ ከተማችን ላይ ችግር የለም።

መልኩን አንተ ታውቃለህ፤ እኔ የምጨምረው ስለ አቧራው ነው። ነጭ ሶል እዚህ ከተማ ነጭ ሆኖ የሚቆየው ባጃጅ ውስጥ ለሚውል ሰው ነው። ጎኑን በጥርስ ብሩሽና በሳሙና ማሸት ከሰለቸህ ክሬም ወይም ቡናማ ጎማ ያለውን ምረጥ። ካሙሽ ከሆነ ደግሞ ተወው፤ አቧራውን ይጠጣዋል፣ ውኃም አይወድም። ሱሪ ላይ አንገቱ ካልታየ ባለ አንገት ጫማ የገዛህበት ምክንያት የለም፤ ወይ ጫፉ የሚጠብ ሱሪ ይኑርህ፣ ወይ አጭሩን ግዛና ገንዘብህን ቆጥብ።

አዲስ ኦሪጅናል ጠብቅ ወይ ላልከው፣ አልመክርህም። የ5,000 ብር ሰው 20,000 እስኪሞላ ሲጠብቅ ዋጋውም አብሮ ይሄዳል። ያን ያህል ከፍለህ የምታገኘው ደግሞ ያንኑ ጠጣር ሶል ነው። ለቆሞ ሥራ የማይሆን ነገር ላይ የዓመት ቁጠባ አይፈስም።

ስለዚህ ደንኩን ግዛ፤ ግን በአራት ነገር ካለፈ ብቻ ነው። የውስጥ ስፌቱ እውነተኛ ከሆነ፣ ከአውራ ጣት ሥር ያለው ክብ ካልጠፋ፣ ተረከዙ ቀጥ ካለ፣ ሴንቲሜትሩ ካንተ ጋር ከገጠመ። 3,600 የመጀመሪያ ጥሪ ነው፤ ከ3,200 በላይ አትውጣ። በቀረህ የውስጥ ሶልና ሁለት ካልሲ ግዛ። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ ሸራውን ውሰድ። በተረፈህ 3,200 ብር ለሥራ የሚሆን፣ ስም የሌለው ግን ወፈር ያለ ሶል ያለው አጭር ጫማ ፈልግ፤ ሸራውን ለመዝነጫ ታደርገዋለህ። ኮፒውን በምንም መንገድ አትግዛ፤ ከሦስቱ ብዙ አስከፍሎ ትንሽ የሚሰጠው እሱ ነው።

ሱቅ የምትሄደው ማታ ይሁን፣ የምታደርገውን ካልሲ አድርገህ፣ ከተቻለ የውስጥ ሶሉንም ይዘህ። ሁለቱንም እግር አስረህ ውጭ ኮብልስቶኑ ላይ ጥቂት ተራመድ፤ ምንጣፍ ላይ የማይመች ጫማ የለም። ሰልባጅ ስለሆነ ቤት ስትደርስ የድሮውን የውስጥ ሶል ጣለው፣ ክሩን በሙቅ ውኃ እጠብ፣ ውስጡን በአልኮል በረጠበ ጨርቅ ጥረገውና አንድ ሁለት ቀን አየር ይምታው። የእግር ፈንገስ ከሌላ ሰው ጫማ ሊተላለፍ ይችላል። የመጀመሪያውን ሳምንት ደግሞ ቀኑን ሙሉ አትቁምበት፤ በቀን ሁለት ሦስት ሰዓት ካደረግከው በኋላ ወደ አሮጌው ጫማህ ቀይር።